የአፖሎ 11ን "ንስር" በካርቶንና በፎይል ከዜሮ መሥራት፦ ዝርዝር መመሪያ

የመንኮራኩር ሞዴል ከዜሮ ለመሥራት ላሰበ ሰው መጀመሪያ የምመክረው የአፖሎ 11ን የጨረቃ አራፊ፣ "ንስር"ን ነው። ሮኬት ይቀላል ብሎ የሚነሳ ሰው አለ። አይቀልም። ሮኬት ረዥም ለስላሳ ቱቦ ነው፣ ለስላሳ ነገር ላይ ደግሞ ትንሿ ጉድለት ከሩቅ ታስታውቃለች። ንስር ግን አየር በሌለበት ብቻ እንዲበር ስለተሠራ ንፋስ የሚሰነጥቅ ሹል አፍንጫ አላስፈለገውም። ጠፍጣፋ ፊት፣ ሰያፍ ጥግ፣ የተጨማደደ ፎይል፤ በቃ። ካርቶንና ማስመሪያ ለያዘ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም።

አንድ ነገር ግን ከወዲሁ ልበል። ንስር ላይ ላዩን ሲታይ የተጠራቀመ ኮተት ነው። ብዙ ሰው ሞዴሉን ሲሠራም ዝም ብሎ ኮተት ይለጥፍበታል፣ ሲጨርስ የሆነ ነገር ቅር ይለዋል፣ ምን እንደሆነ ግን አይገባውም። ነገሩ ወዲህ ነው፤ ክብደት እየተቆነጠረ በተቀነሰበት በዚያ ዕቃ ላይ ያለ ሥራ የተቀመጠ ጥግ የለም። ክፍሉ ምን እንደሚሠራ ካወቃችሁ ቅርጹ ይመጣላችኋል። ስለዚህ እየቆረጥን "ይሄ ለምንድን ነው?" እያልን እንሄዳለን።

መጠኑ

እውነተኛው ንስር እግሩን ዘርግቶ ሲቆም ቁመቱ 7 ሜትር ያህል ነው። ከአንዱ እግር ጫፍ እስከ ትይዩው እግር ጫፍ ደግሞ 9.4 ሜትር። እኔ የምመርጠው ስኬል 1፡24 ነው፤ ቁመቱ 29፣ ስፋቱ 39 ሴንቲሜትር ይሆናል። ቤት ውስጥ ቦታ ከሌለ 1፡48 መሥራት ይቻላል፣ ግን መሰላሉና ትንንሾቹ የሞተር አፎች ዓይን ያጠፋሉ። ለመጀመሪያ ሥራ ትልቁ ይሻላል፣ ትልቅ ነገር ይቅር ባይ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የእውነተኛውን ልክ በሴንቲሜትር ወስዳችሁ ለ24 ታካፍላላችሁ። ዋና ዋናዎቹ እነሆ፦

– የታችኛው ክፍል ወርድ፣ ያለ እግር፦ 4.22 ሜትር ነው፣ 17.6 ሴንቲሜትር ይሆናል
– የታችኛው ክፍል ቁመት፣ ከነእግሩ፦ 3.23 ሜትር ነው፣ 13.5 ሴንቲሜትር ይሆናል
– የሠራተኞቹ ክፍል ክብ፦ 2.34 ሜትር ነው፣ 9.7 ሴንቲሜትር ይሆናል
– የእግሮቹ ሳህን፦ 94 ሴንቲሜትር ነው፣ 3.9 ሴንቲሜትር ይሆናል
– የማረፊያ ሞተሩ አፍ፦ 1.5 ሜትር ነው፣ 6.2 ሴንቲሜትር ይሆናል

ካርቶን ከመቁረጣችሁ በፊት ፎቶ ሰብስቡ። የናሳ የአፖሎ ፎቶዎች በነፃ ይገኛሉ። ሁለት ጥቅሎች ይበቋችኋል። ቁጥራቸው በኤኤስ11-40 የሚጀምረው ጨረቃ ላይ ቆሞ የተነሳው ነው። በኤኤስ11-44 የሚጀምረው ደግሞ ሦስተኛው ጠፈርተኛ ማይክል ኮሊንስ ከዋናዋ መንኮራኩር ከ"ኮሎምቢያ" ሆኖ ንስርን በምሕዋር ላይ ያነሳው ነው። የመጀመሪያው እግሩንና ፎይሉን፣ ሁለተኛው ጣሪያውንና ጀርባውን ያሳያችኋል።

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁማ ዕድለኞች ናችሁ። ብሔራዊ የአየርና ጠፈር ሙዚየም ውስጥ ኤልኤም-2 አለ (ኤልኤም የጨረቃ አራፊው የእንግሊዝኛ ምህጻር ነው)፣ መግቢያውም በነፃ ነው። ኒውዮርክ ሎንግ አይላንድ ላይ ደግሞ፣ የግሩማን ኩባንያ መንኮራኩሮቹን ከሠራበት ከቤዝፔጅ ብዙም ሳይርቅ፣ ኤልኤም-13 ቆሟል። ሁለቱም ጨረቃ ያልሄዱ ናቸው። የንስር የታችኛው ክፍል ዛሬም ጨረቃ ላይ ነው ያለው። ኤልኤም-2 ንስርን እንዲመስል ተደርጎ ተስተካክሏል፤ ቢሆንም ሙዚየሙና የ1969ኙ ፎቶ ካልተስማሙ ፎቶውን እመኑ።

ዕቃው

ውድ ነገር አያስፈልግም። ባለ 2 ሚሊሜትር ጠንካራ ካርቶን ለአጥንቱ፣ የደብተር ሽፋን የመሰለ ቀጭን ካርቶን ለቆዳው። ነጭ ኮላ፣ ሱፐር ግሉ፣ ካተር፣ የብረት ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ ፒንሳ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ስቴኪኒ፣ የጥብስ እንጨት፣ የመጠጥ ስትሮ፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ። ካርቶኑን የአርክቴክቸር ተማሪዎች ማኬት የሚሠሩበትን የሚሸጡ የጽሕፈት መሣሪያ ቤቶች ታገኙታላችሁ። ለሌላው አዲስ አበባ ያለ ሰው ምናለሽ ተራን አንድ ዙር ይዙር። ክዳን፣ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ራዲዮ፣ የምን ሽቦ። ቆራሌውም በር ላይ ሲጮህ ጥሩት፣ ብዙ ጊዜ የምትፈልጉት ክዳን እሱ ከረጢት ውስጥ አለ።

ምላጩን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የደነዘዘ ካተር ካርቶን ይቀድዳል፣ ከዚያ ሰው ይገፋዋል፣ ሲገፋ ያመልጠውና ጣት ያገኛል። ወፍራም ካርቶን በአንድ ጊዜ አይቆረጥም፤ ቀስ ብላችሁ ሦስት አራት ጊዜ በዚያው መስመር ሂዱበት።

ታችኛው ክፍል

ይሄ ስምንት ጎን ያለው ሳጥን ነው፣ ስምንቱ ጎን ግን እኩል አይደለም። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሞዴል ገና ሳይጀመር የሚበላሸው። ኮምፓስ አንስቶ እኩል ስምንት ጎን የሚስል ሰው የቱንም ያህል ቢያሳምረው ንስር አይሆንለትም።

ምክንያቱ ውስጡ ነው። ውስጡ የመስቀል ቅርጽ አለው፤ መሐል ላይ ሞተሩ፣ በአራቱ ክንዶች አራት የነዳጅና የኦክሲዳይዘር (ነዳጁ እንዲቃጠል ኦክሲጅን የሚሰጠው ፈሳሽ) ታንኮች። ማለትም አምስት እኩል ካሬዎች። በክንዶቹ መካከል የቀሩት አራት ጥጎች ባለ ሦስት ማዕዘን ክፍሎች ናቸው፣ መሣሪያ የሚጫነው እነሱ ላይ ነው። የውጩ ግድግዳ እነዚህን ሦስት ማዕዘኖች በሰያፍ ይዘጋቸዋል።

ስለዚህ አሳሳሉ እንዲህ ነው። 17.6 ሴንቲሜትር በ17.6 ካሬ ሳሉ። እያንዳንዱን ጎን ሦስት ቦታ ክፈሉት፣ አንዱ ክፍል 5.9 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። አራቱን ጥግ ከምልክት ወደ ምልክት በሰያፍ ቁረጡት። አለቀ። አራት አጭር ጎን 5.9፣ አራት ረዥም ሰያፍ ጎን 8.3 ሴንቲሜትር ሆኖ ይወጣል። እግሮቹ የሚቆሙት አጭሮቹ ጎኖች ላይ ነው።

ይህን ቅርጽ ሁለት ጊዜ ቁረጡ፣ አንዱ ወለል፣ አንዱ ጣሪያ። በመካከላቸው 7 ሴንቲሜትር ቁመት ያላቸው አራት ረዣዥም ግድግዳዎች እንደ እውነተኛው በመስቀል አቁሙ፤ ሁለቱን በአንድ አቅጣጫ፣ ሁለቱን በሌላው አድርጋችሁ፣ በሚገናኙበት ቦታ እስከ ቁመታቸው ግማሽ ሰንጥቃችሁ ብታጠላልፏቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ይሄ ለማማር አይደለም። የእግሮቹ ክብደት የሚያርፈው እነዚህ ግድግዳዎች ጫፍ ላይ ነው፣ ባዶ ሳጥን ከሠራችሁ ከወር በኋላ እግሮቹ ወደ ውጭ እየተንሸራተቱ ሳጥኑ ይጎብጣል። ወለሉ መሐል ላይ ለሞተሩ ቀዳዳ አውጡ፣ ከዚያ የውጩን ግድግዳ በቀጭኑ ካርቶን ልበጡ። ኮላው እስኪደርቅ መጽሐፍ ጫኑበት። ቢያንስ አንድ ሌሊት ይደር።

የውጩን ግድግዳ ፍጹም ለማድረግ አትድከሙ። ፎይል ይሸፍነዋል።

እግሮቹ

ጊዜያችሁን የምታጠፉት እዚህ ነው። አራት እግር እኩል ካልቆመ ማንም ያየዋል፣ ልጅ ሳይቀር።

እያንዳንዱ እግር አንድ ወፍራም ዋና ምሰሶ አለው። ከላይ ሰፊ ሲሊንደር፣ ከታች በውስጡ የሚንሸራተት ቀጭን ዘንግ። ሲሊንደሩ ውስጥ የማር እንጀራ ቅርጽ ያለው አሉሚኒየም ነበር፣ ሲያርፉ ተጨፍልቆ ግጭቱን የሚበላ፣ አንዴ ብቻ የሚሠራ። ከዋናው ምሰሶ ሁለት ቀጫጭን ደጋፊዎች ወደ ሰውነቱ ይሄዳሉ፣ ከላይ ደግሞ እግሩን ታጥፎ ከቆየበት የሚዘረጋው ማዕቀፍ አለ።

ለዋናው ምሰሶ የጥብስ እንጨት ውሰዱ፣ የላይኛውን ግማሽ ወፍራም ስትሮ አልብሱት። ስትሮው ቢላላ በወረቀት ጠቅልላችሁ አጥብቁት። ለደጋፊዎቹ ስቴኪኒ ወይም ቀጥ ያለ ወፍራም ሽቦ። ለሳህኖቹ አፉ ሰፊ የሆነ የጁስ ወይም የወተት ጠርሙስ ክዳን ፈልጉ፣ ባለ 38 ሚሊሜትሩ ለዚህ ስኬል ልክ ነው ማለት ይቻላል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሳጥሩትና ዝርግ ሳህን ይሆናል።

አሁን ዋናው ዘዴ። እግሮቹን በዓይን ገምታችሁ አትለጥፉ። ትልቅ ካርቶን ላይ መስቀል ሳሉ፣ ከመሐል ወደ አራቱም አቅጣጫ 17.6 ሴንቲሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። የአራቱ ሳህኖች መሐል እዚያ ነው የሚያርፈው። ሳህኖቹን በፕላስተር እዚያው ያዙ። ሳጥኑን ወለሉ ከመሬት 6.5 ሴንቲሜትር ከፍ እንዲል በመጽሐፍ ወይም በእንጨት ደግፉት፣ ጣሪያው ላይ ማስመሪያ አጋድማችሁ በአራቱም በኩል ቁመቱን ለኩ። ልክ ሲሆን ብቻ ምሰሶዎቹን በሱፐር ግሉ ያዙ፣ ከዚያ ደጋፊዎቹን። ደርቆ እስኪያልቅ ድጋፉን አታንሱ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ይሄኔ ሻይ ይውጣ።

መሰላሉ ከፊት ለፊቱ እግር ላይ ነው፣ ዘጠኝ እርከን አለው። በዚህ ስኬል በእርከኖቹ መካከል ወደ 1 ሴንቲሜትር ይሆናል። ሁለት ሽቦ በወረቀት ላይ ጎን ለጎን በፕላስተር አስተኙ፣ እርከኖቹን በላያቸው አጋድማችሁ በጠብታ ሱፐር ግሉ ያዙ፣ ሲደርቅ ትርፉን በፒንሳ ቁረጡ። መሰላሉን እስከ ሳህኑ አታውርዱት። ምሰሶው ሲያርፍ እንዲያጥር ታስቦ ስለተሠራ የመጨረሻው እርከን ከሳህኑ በላይ ይቀራል፤ በሞዴሉ ላይ 3 ሴንቲሜትር ያህል ክፍተት ተዉ። ንስር በጣም በለሰለሰ ሁኔታ ስላረፈ ምሰሶዎቹ እምብዛም አላጠሩም፣ ኒል አርምስትሮንግም የመጨረሻዋን ዘሎ ነው የወረደው።

ከሳህኖቹ ሥር የሚንጠለጠሉ ረዣዥም መዳሰሻዎችም አሉ፣ 1.7 ሜትር፣ በእኛ 7 ሴንቲሜትር። መሬት ሲነኩ ውስጥ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ሞተሩን አጥፉ ማለት ነው። ንስር ላይ ሦስት ብቻ ነበሩ። መሰላሉ ያለበት እግር ላይ የለም፣ የሚወርደውን ሰው እንዳያሰናክል ተነስቷል። ጨረቃ ላይ ቆሞ የምታሳዩት ከሆነ መዳሰሻዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ አትተዉ፣ አጥፋችሁ መሬት ላይ አጋድሟቸው። ቀጥ ያለ መዳሰሻ ይዞ መሬት ላይ የቆመ ንስር ሳይ እኔ በበኩሌ ሌላውን ማየት አቆማለሁ።

ሞተሩ

የማረፊያ ሞተሩ አፍ ደወል ቅርጽ ነው፣ እሱን በካርቶን መጠቅለል አይሆንም። የተቃጠለ የድሮ አምፖል አንስታችሁ በስስ ፌስታል ሸፍኑት። ተራው አምፖል ሆዱ ላይ 6 ሴንቲሜትር ስለሆነ ልኩ ተገኘ ማለት ነው። ከአንገቱ እስከ ሆዱ ሰፊ ቦታ ድረስ ቀጫጭን የጋዜጣ ቁራጮች በኮላ እየነከራችሁ አራት አምስት ድርብ ልበጡ። ሲደርቅ አምፖሉን አውጡት፣ በቀስታ፣ መስታወት ነው። ጠርዙን ቁረጡ፣ ስቱኮ ቀቡ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። የደነዘዘ ጥቁር ግራጫ ቀለም ይበቃዋል። ወለሉ ቀዳዳ ውስጥ አስገቡትና ከመሬት ወደ 2 ሴንቲሜትር ክፍተት እንዲቀር አድርጋችሁ ለጥፉት።

ላይኛው ክፍል

እዚህ ጋ ተንፍሱ። አስቸጋሪው ይሄ ነው።

የሠራተኞቹ ክፍል በጎኑ የተጋደመ ሲሊንደር ነው፣ ክቡ ወደ ፊት ያያል። 9.7 ሴንቲሜትር ክብ ሁለት ቁረጡ፣ በ4.4 ሴንቲሜትር ርቀት አቁሟቸው፣ ዙሪያውን በቀጭን ካርቶን ጠቅልሉት። ካርቶኑ እንዳይሰበር አስቀድማችሁ የጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ወዲያና ወዲህ ጎትቱት፣ ራሱ ይጎብጣል። ከጀርባው ጠበብ ያለ መካከለኛ ክፍል ይከተላል፣ ከጨረቃ የሚያነሳው የመነሻ ሞተር ያለበት። ከዚያ ኋላ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የተደረደረበት ጠፍጣፋ ሳጥን። ሦስቱን በአንድ ወለል ካርቶን ላይ አሰልፏቸው።

ፊቱ ግን ጠፍጣፋ ክብ አይደለም፤ በበርካታ ሰያፍ ፊቶች የተቆራረጠ ነው። ይህን በቀጥታ በካርቶን አትሞክሩ። በተራ ወረቀት እየቆረጣችሁ፣ በፕላስተር እየያዛችሁ፣ ከፎቶው ጋር እያስተያያችሁ ፊቱን ሥሩ። ወረቀት ርካሽ ነው። ሲመስል ፍቱትና በካርቶን ላይ ገልብጡት።

መስኮቶቹ ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ናቸው፣ ወደ ታች ያዘነበሉ። ጠፈርተኞቹ ወንበር አልነበራቸውም፣ ቆመው ነው ያበሩት። ወንበር ሲቀር ክብደት ቀነሰ፣ ሰውየው ፊቱን ወደ መስታወቱ ማስጠጋት ስለቻለም መስኮቱ ትንሽ ሆኖ ሰፊ ማየት ተቻለ። ወደ ታች የሚያዘነብለው ማረፊያው ስለሚታይበት ነው። ስለዚህ መስኮቱን ቀጥ አድርጎ ማቆም ትርጉሙን ያጠፋዋል። ከብስኩት ማሸጊያ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጣችሁ ከውስጥ ለጥፉ፣ ከኋላው ያለውን ቦታ ጥቁር ቀቡት። የአዛዡ መስኮት፣ በእሱ በግራ ያለው፣ የማረፊያ ቦታ መለኪያ መስመሮች ነበሩበት፤ በመርፌ ጫፍ ጭረት አድርጉበት። የፊት በሩ ካሬ ነው፣ በእኛ 3.4 ሴንቲሜትር፣ ከሥሩ ትንሽ በረንዳ አለው። ከአዛዡ ራስ በላይ ጣሪያው ላይ ሌላ ትንሽ መስኮት አለ፣ ከኮሎምቢያ ጋር ሲገናኙ የሚያይበት። እሷን አትርሷት።

ውስጡን ኤልኢዲ አስገብቶ ማብራት ፋሽን ሆኗል። እኔ አልወደውም። በዚያ ፀሐይ ላይ መስኮቱ ጥቁር ነው የሚመስለው።

አሁን ሁሉም የሚያጠፋት ነገር። ንስር ሚዛኑ የተዛባ ይመስላል፤ ከፊት ስታዩት በአንድ ጎን ያለው እብጠት ከሌላው ራቅ ብሎ ይወጣል። እብጠቶቹ የመነሻ ሞተሩ ታንኮች ናቸው። አንዱ ነዳጅ፣ አንዱ ኦክሲዳይዘር። ኦክሲዳይዘሩ ከነዳጁ 1.6 እጥፍ ይከብዳል። ሁለቱ ከመሐል እኩል ቢርቁ መንኮራኩሩ ያጋድል ነበር። ስለዚህ ቀላሉን የነዳጅ ታንክ ወደ ውጭ ገፉት፣ ከባዱን አስጠጉት። የነዳጁ በጠፈርተኞቹ ግራ ነው፤ ፊት ለፊት ቆማችሁ ስታዩት በእናንተ ቀኝ ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱን እኩል አድርጎ የሠራ ሰው ፊዚክሱን ነው ያፈረሰው።

እብጠቶቹን ክብ አታድርጓቸው። ታንኩ ውስጥ ክብ ነው፣ ከላዩ ያለው ሽፋን ግን ጠፍጣፋ ቁራጮች ናቸው። ከቀጭን ካርቶን አጣጥፋችሁ እንደ ሳጥን ሥሯቸው።

የሪቬት መስመሮች ከፈለጋችሁ ካርቶኑን ከመለጠፋችሁ በፊት ከጀርባው በመርፌ በእኩል ርቀት ውጉት። ልብስ ሰፊዎች ምልክት የሚያደርጉባት ጥርስ ያላት ትንሽ ጎማ ካገኛችሁ ሥራው በደቂቃ ያልቃል። ግን አታብዙት።

ትንንሾቹ

በአራቱ ሰያፍ ጥጎች አራት ጥቅል ትንንሽ ሞተሮች አሉ፣ በጠቅላላው 16። አቅጣጫ የሚያስተካክሉት እነዚህ ናቸው። በእያንዳንዱ ጥቅል አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች፣ ሁለቱ ወደ ጎን። የቢክ እስክሪብቶ ጫፍ ኮን ቅርጽ ስላለው ገልብጣችሁ ብትቆርጡት ጥሩ የሞተር አፍ ይወጣዋል። ያለቀ እስክሪብቶ ከሰፈር ልጆች ሰብስቡ፣ ይሰጧችኋል።

ወደ ታች ከሚተፉት አራቱ ሥር፣ ታችኛው ክፍል ላይ በቀጫጭን ዘንጎች የተያዙ ጎባጣ ቆርቆሮዎች አሉ። እሳቱ የታችኛውን ክፍል እንዳይለበልበው የሚያዞሩ ናቸው። ከለስላሳ ጣሳ ቆርጣችሁ ጎበጥ አድርጓቸው፣ ጠርዙ ስለታም ስለሆነ ጥንቃቄ። ዘንጎቹን ከመዳብ ሽቦ።

የራዲዮ ሳህኑ በጠፈርተኞቹ ቀኝ በኩል ነው፣ ስፋቱ 66 ሴንቲሜትር፣ በእኛ 2.75። ፒንግ ፖንግ ኳስ ላይ ክብ ስላችሁ ጫፉን ብትቆርጡት ዝርግ ሳህን ይሆናል። ከፊት አናቱ ላይ ያለው ራዳር ከዚህ ትንሽ ያነሰ ነው፣ ከሌላው የኳሱ ጫፍ ቁረጡት። ሌሎቹ አንቴናዎች ሽቦ ብቻ ናቸው። ከተሰበረው ራዲዮ ውስጥ ያገኛችኋቸውን ቁራጮች ሁሉ ካልለጠፍኩ አትበሉ። ፎቶው ላይ ከሌለ አይለጠፍ።

ቀለም

ፎይል ከመልበሱ በፊት ቀለሙ ይለቅ። ላይኛው ክፍል በአብዛኛው የአሉሚኒየም ግራጫ ነው፣ እዚህም እዚያም ጥቁር ፓነሎች አሉት። ታችኛው ክፍል ላይም ጥቁር ቦታዎች አሉ። ጥቁሩ ለጌጥ አይደለም፤ ሞተሮቹ የሚተፉት ሙቀት የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሙቀት የሚችል ብረት አልብሰው ጥቁር ቀብተውታል። የትኛው ፓነል ጥቁር እንደሆነ ለመገመት እሳቱ የት እንደሚደርስ አስቡ፣ ከዚያ በፎቶ አረጋግጡ።

ስፕሬይ ቀለም በስሱ፣ ደጋግማችሁ፣ መስኮት ከፍታችሁ ወይም ደጅ ወጥታችሁ ቀቡ። የሆነ ቦታ ፎም ተጠቅማችሁ ከሆነ ስፕሬዩ ይበላዋል፣ አስቀድማችሁ በኮላ ሸፍኑት። ግራጫውን ሁሉ አንድ ዓይነት አታድርጉት፤ አንዱን ፓነል በጠብታ ጥቁር አጥቁሩት፣ ሌላውን በነጭ አፍኩት። ጥቁሩ ደብዛዛ ይሁን፣ የሚያብለጨልጭ ጥቁር መጫወቻ ያስመስለዋል።

ፎይሉ

ንስርን ንስር የሚያደርገው ይሄ ነው። ሰው ሁሉ "ወርቅ" ይለዋል፣ ወርቅ ግን አይደለም። ካፕቶን የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ እንደ ማር ቡኒ ብጫ ሆኖ የሚያሳልፍ፣ ከጀርባው አሉሚኒየም የተቀባ። የምናየው ከጀርባ የሚያንጸባርቀውን አሉሚኒየም በካፕቶኑ አሻግረን ነው። ለዚህ ነው የስጦታ መጠቅለያ ወርቃማ ወረቀት ሲለጠፍበት ሠርግ ቤት የሚመስለው። ቀለሙ በጣም ብጫ፣ ብልጭታውም በጣም ብዙ ነው።

ደስ የሚለው ግን ካፕቶን ዛሬ የትም አለ። ሞባይል ጥገና ቤቶች ሲበይዱ ሙቀት እንዳያልፍ የሚለጥፉት ያ ቡናማ ግልጽ ፕላስተር እሱ ራሱ ነው። ሰፋ ያለውን ጥቅል ግዙ። የወጥ ቤት አሉሚኒየም ፎይል ዘርጉ፣ በሚያብለጨልጨው ፊቱ ላይ የካፕቶኑን ፕላስተር ጎን ለጎን ለጥፉበት። የመጀመሪያው ዕቃ በተሠራበት አደራረብ፣ በዚያው ቁስ ሠራችሁት ማለት ነው። ካላገኛችሁ ለአደጋ ጊዜ የሚሆነው ወርቃማ ስስ ብርድ ልብስ ይሆናል፣ ወይም ፎይሉን ግልጽ ብጫና ጥቂት ቡኒ በተደባለቀበት ቫርኒሽ መቀባት።

አለባበሱ ላይ አትቸኩሉ። ከምትሸፍኑት ቦታ በሲሶ የሚበልጥ ቁረጡ። በእጃችሁ ጭምድድ አድርጉት፣ ከዚያ በቀስታ ዘርጉት፣ ጨርሶ ሳይስተካከል። ኮላ የሚቀባው ጠርዙ ብቻ ነው፣ መሐሉ ልቅ ሆኖ ይቀመጥ። እውነተኛው ብርድ ልብስ ብዙ ስስ ድርብ ነበረው፣ በአንዳንድ ቦታ እስከ 25፣ ድርቦቹ እርስ በርስ ተጣብቀው ሙቀት እንዳያስተላልፉ ሆን ተብሎ ተጨማዷል። ስለዚህ ጥብቅ ብሎ የተለጠፈ ፎይል ሐሰት ነው። መጋጠሚያዎቹን በቀጫጭን የካፕቶን ቁራጭ አሽጉ፣ እነሱም እንደዚያው ነው ያሸጉት። ጭምዳዱ ደግሞ ከስኬሉ ጋር ይሂድ፤ ትልልቅ እጥፋት ካላችሁ ሞዴሉ ወዲያው ያንሳል፣ ደቃቅ ይሁን።

እግሮቹንና ሳህኖቹንም አልብሷቸው፣ የአፖሎ 11 ፎቶዎች ላይ ተጠቅልለው ይታያሉ። ከመሰላሉ ጎን ባለው ሰያፍ ፊት ላይ የቴሌቪዥን ካሜራው የነበረበት ተከፋች መደርደሪያ አለ፤ ጨረቃ ላይ ያለውን ንስር ከሠራችሁ እሱ ወደ ታች ተዘርግቶ ይታይ።

አንድ ወሬ ልጨምር። የሠራተኞቹ ክፍል ግድግዳ በአንዳንድ ቦታ 0.3 ሚሊሜትር ብቻ ነበር። ለ24 ስታካፍሉት 0.0125 ሚሊሜትር ይመጣል። እጃችሁ ላይ ያለው የወጥ ቤት ፎይል ውፍረቱ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሰዎቹ የሄዱበትን ነገር ስስነት በጣታችሁ እየዳበሳችሁ ነው የምትሠሩት።

መሬቱ

የእንጨት ሰሌዳ ላይ ስቱኮ ዝርግ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ሳይደርቅ በጠጠር እየጫናችሁ ትንንሽ ጉድጓድ አውጡ። ላዩን በወንፊት የተነፋ አመድ በኮላ ላይ በትኑ። ከሞተሩ ሥር ትልቅ ጉድጓድ አትቆፍሩ፣ አልነበረም። ከመሐል ወደ ውጭ ተጠርጎ የሄደ ስስ ጭረት ብቻ በደረቅ ብሩሽ አሳዩ። ሳህኖቹ ወደ አፈሩ የገቡት ከ1 እስከ 2 ኢንች ነው፣ በእኛ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር፣ ስለዚህ አትቅበሯቸው። ንስር 4.5 ዲግሪ ያህል ዘንበል ብሎ ነው ያረፈው፤ ሰሌዳውን ትንሽ ተዳፋት ብታደርጉት ይበቃል።

ሰው ማቆም ከፈለጋችሁ ከነልብሱ ከ7.5 እስከ 8 ሴንቲሜትር ይሁን።

ፎቶ ስታነሱ አንድ መብራት ብቻ፣ ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከመንኮራኩሩ ጀርባ። ንስር ያረፈው በጨረቃ ጠዋት ፀሐይን ከኋላው አድርጎ ስለነበር የመሰላሉ ወገን ጥላ ነበር። በተረፈ አቧራ ጠላታችሁ ነው። የተጨማደደ ፎይል ውስጥ የገባ አቧራ በጨርቅ አይወጣም፣ ጨርቁ ፎይሉን ይስበዋል። የመስታወት ሳጥን ማሠራት ካልተቻለ ለስላሳ የሜካፕ ብሩሽ ያዙና ከላይ ወደ ታች ብቻ ጥረጉት፣ አንቴናዎቹን በሌላው እጃችሁ ደግፋችሁ።